አንድ መልአክ፣ ስምንት አሣሣል፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ ከደብረ ብርሃን

ንድፉ አንድ ነው። ሰይፉን የመዘዘ መልአክ፣ ከወገብ በላይ፣ ፊቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ተመልካች የዞረ፣ ሁለት ክንፍ ያለው። ይህን ንድፍ ስምንት ጊዜ እንሥለዋለን። መስመሩ ከቦታው አይነቃነቅም፤ የሚለወጠው መደቡ፣ ቀለሙ፣ የብሩሹ አካሄድና የብርሃኑ አመጣጥ ነው። የተለያዩ ዘመናት የመላእክት ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲታዩ አቋቋሙም፣ ታሪኩም፣ ልብሱም አብሮ ስለሚለያይ የትኛው ለውጥ ከአሣሣሉ እንደመጣ መለየት ያስቸግራል። ንድፉ ሲጸና ግን አሣሣሉ ብቻውን የሚያደርገው ነገር ገሃድ ይወጣል።

የተነሣንበት ግምት፣ መልአክን መልአክ የሚያሰኘው ከሁሉ በፊት ዓይኑና ክንፉ ከገላው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው የሚል ነው። እያንዳንዱ ሰሌዳ ይህን ይፈትናል።

የምንሠራው ደብረ ብርሃን ላይ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር። ብርዱ ኮላውን፣ ዘይቱንና ብራናውን በየተራ ስለሚፈታተን በቆላ የሚሠራ ሰው ከዚህ በታች ያሉትን መጠኖችና የማድረቂያ ጊዜዎች እንደ አየሩ ያስተካክል።

መስከረም። ንድፉና ጀሶው

የንድፉ ወረቀት 40 በ60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የሰሌዳው ልክ። ፊቱ ከአገጭ እስከ ፀጉር መነሻ 11 ሳንቲ ሜትር ሲሆን የዓይኖቹ መስመር ከላይኛው ጠርዝ 18 ሳንቲ ሜትር ላይ ያርፋል። ቀኝ እጅ ሰይፍ፣ ግራ እጅ አፎት። ክንፎቹ ከትከሻ በላይ ተነሥተው በጎን ይወርዳሉ፤ ጫፋቸው ከሰሌዳው ጠርዝ 2 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። የሰይፉን አያያዝ የወሰድነው ከመቅደስ በር ሥዕሎች ነው። በአብያተ ክርስቲያናታችን መላእክት ሰይፍ መዘው በመቅደሱ በር ግራና ቀኝ ቆመው ማየት የተለመደ ነው። ለቤተ ክርስቲያን የሚሣል ሥዕል ሥርዓት አለው፤ የመልአኩ ስም የሚጻፍበትም ለዚያ አገልግሎት ሲቀርብ ነው። እነዚህ ስምንቱ የአሣሣል ጥናት ስለሆኑ ስም አይጻፍባቸውም።

ንድፉ ወደ ሰሌዳ የሚተላለፈው በተበሳ ወረቀት ነው። መስመሩን ተከትሎ በየ3 ሚሊ ሜትሩ በመርፌ መብሳት፣ ወረቀቱን በሰሌዳው ላይ አጥብቆ ማሰር፣ የደቀቀ ከሰል በስስ ጨርቅ ቋጥሮ በቀዳዳዎቹ ላይ መታ መታ ማድረግ። ቀዳዳዎቹ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከተራራቁ የዓይኑ ቅርጽ ይጠፋል፤ በጣም ከተቀራረቡ ደግሞ ወረቀቱ እንደ ማኅተም ቴምብር ጠርዝ ይቀደዳል። ከሰሉ ከተላለፈ በኋላ ነጥቦቹን በቀጠነ ቀለም አገናኝቶ ትርፉን በላባ ማራገፍ ያስፈልጋል፤ ካልተራገፈ የመጀመሪያውን ቢጫ ወደ አመድማ አረንጓዴ ይለውጠዋል።

ጀሶው አንድ ወር ስለሚፈልግ አሁኑኑ መጀመር አለበት። የግንባታ ጀሶ እንዳለ ኮላ ውስጥ ከገባ እቃው ውስጥ ይጠጥራል። ጀሶ በእሳት ውሃው የወጣለት ድንጋይ ነውና ውሃ ሲያገኝ ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል። ስለዚህ አስቀድሞ ይበርዳል፦ 1 ኪሎ ጀሶ በ10 ሊትር ውሃ ላይ በትንሽ በትንሹ ይነሰነሳል፣ ለአንድ ሰዓት ያለማቋረጥ ይማሰላል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይማሰላል፤ ከላይ የጠለለው ውሃ ተደፍቶ አዲስ ይጨመርበታል። በወሩ መጨረሻ በጨርቅ ተጨምቆ የሚወጣው ዝቃጭ ለስላሳ ነው፣ በጣቶች መካከል ሲታሽ አይቆረቁርም፣ ዳግመኛም አይጠጥርም። በመጀመሪያው ሰዓት ማማሰሉ ከተቋረጠ ግን ከታች ጠጣር ድቡልቡል ይያዛል፤ ያ ድቡልቡል በወንፊት ቢጣራም ጥቃቅኑ አልፎ ሰሌዳውን ይጭረዋል።

ጥቅምት። ስድስቱ ሰሌዳዎች

ስድስቱ ሥራዎች በእንጨት ላይ ናቸው፤ ሁለቱ በወረቀትና በብራና። እንጨቱ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፐርሳቶ ነው። ወጥ እንጨት ያምራል፤ ነገር ግን ሌሊት ውርጭ፣ ቀን ደረቅ ፀሐይ በሆነበት በዚህ አገር በሚገባ ያልደረቀ ጣውላ በወራት ውስጥ ይጎብጣል።

ኮላው አናጺዎች በፍሬ መልክ የሚገዙት ቡናማው የቆዳ ኮላ ነው። 100 ግራም በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ ያድራል፣ ጠዋት በድርብ ድስት ይሞቃል። ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ መብለጥ የለበትም። የፈላ ኮላ መልኩ ደህና ይመስላል፤ የማያያዝ ኃይሉ ግን ስለሚሰበር ከሳምንታት በኋላ ቀለሙ በቅርፊት ይነሣል። አንድ ጊዜ ሙቁን ኮላ በሰሌዳው ፊትም ጀርባም መቀባት ያስፈልጋል። ፊቱ ብቻ ከተቀባ ሲደርቅ ወደዚያው ይስበውና ሰሌዳው ይቆለመማል።

ከዚያ አቡጀዴ። ጨርቁ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ የፋብሪካው ስታርች መውጣት አለበት፤ ስታርቹ ካለ ኮላው አይዘልቅም። በኮላ ተነክሮ ከመሐል ወደ ጠርዝ በመዳፍ እየተገፋ ይለጠፋል፣ አንድ ቀን ይደርቃል።

የበረደው ጀሶ ከኮላው ጋር የሚቀላቀለው አንድ እጅ ኮላ፣ አንድ ተኩል እጅ ጀሶ ሆኖ ነው፤ ውፍረቱ አብሲት ያህል። ቶሎ ቶሎ ማማሰል አየር ያስገባል፤ አየሩ ሲደርቅ የመርፌ ቀዳዳ ይተዋል። የመጀመሪያው ቅብ በጣት ይታሻል፤ ቀሪዎቹ ሰባቱ በሰፊ ብሩሽ፣ እያንዳንዱ ያለፈውን በአግድም እያቋረጠ። የሚቀጥለው ቅብ ሰዓቱ የሚታወቀው አንጸባራቂው ጠፍቶ ሰሌዳው ሲነካ ገና ቅዝቃዜ ሲኖረው ነው። ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ የተጨመረ ቅብ ከታችኛው ጋር ስለማይዋሐድ በኋላ እንደ ልጣጭ ይነሣል።

የብርዱ ጉዳይ እዚህ ላይ ዋነኛ ነው። ጠዋት ሰሌዳው ስለሚቀዘቅዝ ኮላው ገና ከብሩሹ ሳይወርድ ይረጋል፣ ጎርበጥባጣ ይሆናል። ፍቱን መላ የሚሆነው ሰሌዳውን ፀሐይ ላይ አሙቆ ከቀኑ 5 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ መቀባት ነው፤ የጀሶውም ጣሳ ሙቅ ውሃ ውስጥ እንደቆመ ይሁን። ጀሶውን ለማቅጠን ኮላ መጨመር ግን አይገባም፤ ላይኛው ቅብ ከታችኛው የበለጠ ኮላ ካለው ሲደርቅ ጠንክሮ ይስበውና ገጹ መረብ መስሎ ይሰነጠቃል። ሲያልቅ በ220፣ ቀጥሎ በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል።

ኅዳር፣ ከሚካኤል በኋላ። አንደኛው ሰሌዳ፦ የ15ኛው መቶ ዘመን አሣሣል

ደብረ ብርሃንን የቆረቆረው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) በነገሠበት ዘመን የእመቤታችን ሥዕል በሰሌዳ ላይ መሣል ተስፋፋ። ከዚያ ዘመን ስሙ የተረፈልን ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ነው፤ በጣና ሐይቅ ዳጋ እስጢፋኖስ ያለው ትልቅ ሰሌዳ ስሙን ይዟል። በዚያ ወገን ሥዕሎች ሚካኤልና ገብርኤል በእመቤታችን ግራና ቀኝ ይቆማሉ። የመላእክቱ ልብስ በጥለት የተሞላ፣ ገላው በመስመር የተከበበ፣ ጥላ የሌለው ነው።

ቀለሙ በእንቁላል አስኳል ይያዛል። አስኳሉ ከነጩ ተለይቶ በመዳፍ ላይ እየተንከባለለ ይደርቃል፣ ሽፋኑ ተይዞ በመርፌ ይወጋል፣ ፈሳሹ ብቻ ይወርዳል። ለአንድ አስኳል አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ። የቀለሙ ዱቄት ለብቻው በውሃ ተፈጭቶ ይለነቀጣል፤ ልንቅጡና አስኳሉ እኩል ለእኩል ይቀላቀላሉ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ በመስታወት ላይ ተቀብቶ ሲደርቅ በስለት ቢፋቅ እንደ ስስ ላስቲክ ተጠቅልሎ መነሣት አለበት። ዱቄት ሆኖ ከረገፈ አስኳሉ አንሷል፤ ቅባት መስሎ ካብለጨለጨ በዝቷል። ነቢያት ጾም ስለገባ እንቁላል በገበያው እንደ ልብ ነው። የሐበሻ ዶሮ አስኳል ደማቅ ቢጫ ቢሆንም ያ ቢጫነት ከጊዜ ጋር ይጠፋል እንጂ ሰማያዊውን አያበላሽም። ሰማያዊን የሚያበላሸው እንዳይሸት ተብሎ የሚጨመር ኮምጣጤ ነው፤ አልትራማሪን የተባለው ሰማያዊ ቀለም አሲድ አይችልም። በዚህ ብርድ አስኳሉ ያለ ኮምጣጤም ያድራል።

ቀዩ ከቀይ አፈር ወጣ። አፈሩ ተደቁሶ በባልዲ ውሃ ይበጠበጣል፣ አሸዋው እንዲዘቅጥ ግማሽ ደቂቃ ይጠበቃል፣ ቀይ የሆነው ውሃ ወደ ሌላ ባልዲ ይገለበጣል፤ ይህ ሦስት ጊዜ ሲደገም ከመጨረሻው ባልዲ ሥር የሚቀረው ለሥዕል የሚሆን ነው። ጥቁሩ የፋኖስ ጥላሸት ነው። ጥላሸት ውሃ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይረጥብም፤ ጥቂት ጠብታ ካቲካላ ሲያገኝ ወዲያው ይለነቀጣል።

አሣሣሉ ራሱ ቅደም ተከተሉ አጭር ነው፦ ጠፍጣፋ ቀለም፣ በላዩ ጥለት፣ በመጨረሻ ጥቁር መስመር። የክንፉ ላባ በሦስት ረድፍ ይከፈላል፤ ላይኛው ቅርፊት፣ መካከለኛው አጭር፣ ታችኛው ረጅም። እዚህ ላይ ግልጽ የሆነው ነገር ክንፉ ከትከሻው ጋር መጋጠም እንደማያስፈልገው ነው። ከልብሱ መስመር በስተኋላ ይጀምራል፣ አለቀ። መጋጠሚያው ላይ ትንሽ ጥላ ለሙከራ ሲጨመር ሰሌዳው ተናጋ፤ አንድ ቦታ ጥላ ካለ ዓይን ሌላውን ጥላ ይፈልጋልና። ተጠርጎ ወጥቷል።

ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ገብርኤል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሰሌዳ፦ ሁለቱ የጎንደር አሣሣሎች

ብዙ ጊዜ የሰጠነው ለእነዚህ ሁለቱ ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ወግ ውስጥ የተደረገን ለውጥ ያሳያሉ።

የ17ኛው መቶ ዘመን የጎንደር አሣሣል የተወሰነ ትምህርቱን ያገኘው ከሮም ከመጡ የሕትመት ሥዕሎች ነው፤ በ1590/91 እ.ኤ.አ. የታተመው የዓረብኛ ወንጌል በእንጨት ተቀርጸው የታተሙ ሥዕሎች ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ሠዓሊዎቹ የሥዕሉን አደራደር ተቀበሉ፤ ጥላውንና ርቀቱን ግን አልተቀበሉም። በእንጨት ቅርጹ ውስጥ ጥላ የነበረው ጭረት በእጃቸው የልብስ መስመር ሆነ፤ ከበስተኋላ የነበረው ሕንፃና ሰማይ ደማቅ ወጥ ቀለም ሆነ። ይህ ድክመት አይደለም። የሥዕሉ ብርሃን ከአንድ መስኮት የሚገባ ሳይሆን በሁሉም ላይ እኩል የሆነ ስለሆነ ጥላ ቦታ የለውም።

ለሁለተኛው ሰሌዳ መደቡ ወጥ ቢጫ ነው። ሁለት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል፤ ወፍራም የእንቁላል ቀለም ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ልብሱ ቀይ፣ ካባው ሰማያዊ፣ የልብሱ እጥፋት ትይዩ በሆኑ መስመሮች። የቅንድብና የአፍንጫ መስመር ሳይቋረጥ በአንድ ጉዞ ይወርዳል። ለዚህ መስመር ብሩሹ ረጅም ፀጉር ያለው 2 ቁጥር ይሁን፣ ቀለሙ ከወተት ይቅጠን፣ ክንድም ሳይሰበር ከትከሻ ይንቀሳቀስ። መሐል ላይ ቆሞ የቀጠለ መስመር በቋጠሮ ይታወቃል፤ ፊቱን ሁሉ ይረብሻል። ወረቀት ላይ እጅ እስኪፈታ ሳይለማመዱ ሰሌዳው ላይ መውጣት አይመከርም።

የ18ኛው መቶ ዘመን አሣሣል ወደ ለስላሳነት ያዘነበለ ነው። ፊቱ ይሞላል፣ ጉንጩና አንገቱ በቀላ ቡናማ ይጠላል፣ መደቡ ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ እየተለዋወጠ ይወርዳል። የእንቁላል ቀለም በብሩሽ ሥር ስለሚደርቅ ይህን ሽግግር ማውጣት ከባድ ነው። የሠራው መንገድ የሚከተለው ነው። ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ በሦስት ጣሳ ይዘጋጃሉ፤ ለዚህ መደብ ብቻ በአስኳል ፋንታ ቀላል ኮላ (50 ግራም በ1 ሊትር) ይያዛሉ። ሰሌዳው በእርጥብ ስፖንጅ ይረጥባል። እያንዳንዱ ቀለም በ12 ሳንቲ ሜትር መቀነት ይቀባል፤ ድንበሩ ሳይደርቅ ንጹሕና እርጥብ ሰፊ ብሩሽ በአግድም ሁለቴ ብቻ ይሳባል። ሦስተኛ ሲሳብ ጀሶው ይፈታና ቀለሙ ይጨቀያል። ብርዱ እዚህ ወዳጅ ሆኗል፤ ቀለሙ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ለመሳቢያ ጊዜ ይሰጣል።

የፊቱ ጥላ ጥቁር ከበዛበት ሬሳ ይመስላል። ቀይ አፈር 10 እጅ፣ ጥቁር 1 እጅ ይበቃል። ጥላው የሚገባው በጉንጩ ዙሪያ፣ ከዓይኑ በታች፣ በአፍንጫው በአንድ ወገንና በአንገቱ ላይ ነው። የዓይኑ ነጭ ደግሞ ንጹሕ ነጭ መሆን የለበትም፤ ጥቂት ቢጫ ካልገባበት ከፊቱ ወጥቶ ይታያል።

ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ሁለተኛው ሰሌዳ ያዝዛል፣ ሦስተኛው ይቀርባል። ንድፉ አንድ መሆኑን የሚያውቅ ሰው እንኳ የሦስተኛው ዓይን የበለጠ የተከፈተ ይመስለዋል። ልዩነቱን ያመጣው ከዓይኑ በታች የገባው ቀላ ያለ ጥላ ብቻ ነው።

ስሙ ከከተማችን ስም ጋር አንድ የሆነው የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ይህን ጉዳይ በግልጽ ያስተምራል። በጣራው የተደረደሩት ፊቶች ገላ የላቸውም፤ ፊትና ክንፍ ብቻ ናቸው፤ ሆኖም ከሥር የቆመ ሰው መላእክት መሆናቸውን አይጠራጠርም። በአገራችን ሥዕል ክፉው በአንድ ዓይን በጎን፣ ቅዱሱ በሁለት ዓይን ፊት ለፊት የሚሣልበት ልማድም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። የዓይኑ ኃይል የመጣው ከሥዕሉ ሥርዓት ነው።

ጥር። አራተኛው ሰሌዳ፦ የፍሎረንስ ቴምፔራ

ቁሱ ያው እንቁላል ነው፤ ሐሳቡ ግን ሌላ ነው። እዚህ ብርሃን ከአንድ ወገን ይገባል፣ ክንፍም ክብደት አለው። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ጆቶ በ1305 እ.ኤ.አ. ገደማ በፓዱዋ ከተማ የሣላቸው የሚያለቅሱ መላእክት ታችኛው ገላቸው ወደ ደመና ይተናል፤ ክብደቱን ሰጥቶ መልሶ የነሣበት ብልሃት ነው። ከዚያ በኋላ ሊዮናርዶ በ1472 ገደማ በሣለው ብሥራት የገብርኤል ክንፍ ከእውነተኛ ወፍ የተጠና ነው፤ ዛሬ በፍሎረንስ ኡፊዚ ሙዚየም ያለው ይህ ሥዕል ክንፉ በኋላ ዘመን በሌላ እጅ እንዲረዝም ተደርጓል፤ ልብ ብሎ ላየ ሰው ጫፉ ከቀረው አይስማማም።

የፊቱ ሥር ቀለም አረንጓዴ አፈር ነው፤ በላዩ ሮዝማው ሲሣል አረንጓዴው በጥላው ውስጥ ያሳያል፣ ቆዳው ሕይወት ያገኛል። የእንቁላል ቀለም ስለማይዋሐድ ሽግግሩ የሚመጣው በጭረት ነው፦ ብሩሹ ተጨምቆ ጫፉ ይሾላል፣ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝሙ ጭረቶች የገጹን አካሄድ ተከትለው ይደረደራሉ፣ በላያቸው ሌላ ረድፍ ይሰለፋል። ብሩሹ ካልተጨመቀ ጠብታው የታችኛውን ያነሣል። ለ11 ሳንቲ ሜትር ፊት ሁለት ሙሉ ቀን ማሰብ ይገባል።

ክንፉ ላይ ንድፉ ራሱ ይፈታተናል። የወፍ ክንፍ ትከሻ፣ ክርንና አንጓ አለው፤ ረጅሞቹ ዋና ላባዎች፣ በብዙ ወፎች አሥር ናቸው፣ ከእጁ ክፍል ይወጣሉ፣ አጫጭሮቹ ከክንዱ። በእኛ ንድፍ ክንፉ የሚነሣው ከትከሻ በላይ ስለሆነ አጥንቱ የሚገባበት ቦታ የለም። በአንደኛው ሰሌዳ ይህ ማንንም አልረበሸም፤ ብርሃን ሲገባ ግን ጥያቄ ሆነ። መስመሩን መንካት ስለማይፈቀድ መፍትሔው የካባውን እጥፋት ጥላ አጠንክሮ የክንፉን ሥር በውስጡ መሸሸግ ነበር። የፍሎረንስ ሠዓሊዎችም ይህን ቦታ ደጋግመው በፀጉር ወይም በልብስ ይጋርዱታል።

ጥርና ከዚያ በኋላ። አምስተኛው ሰሌዳ፦ በጨለማ ውስጥ ያለ ዘይት

በዚህ አሣሣል መደቡ ቡናማ ነው፤ ብርሃኑ ከግራ ከላይ፣ አንድ ብቻ። የሆላንዱ ሠዓሊ የሬምብራንት «ያዕቆብ ከመልአኩ ሲታገል» የተባለው ሥዕል (1659 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ በርሊን) መመሪያችን ነበር።

የሸዋ ደጋ ተልባ ያበቅላል፤ ከወፍጮ የወጣው ዘይት ግን እንዳለ አይሆንም፣ ልጋግ አለው። እኩል ውሃ ተጨምሮበት በጠርሙስ ይናጣል፣ ይጠልላል፣ ውሃው ይደፋል፤ ውሃው እስኪጠራ ይደጋገማል፣ ከዚያ ሦስት ሳምንት ፀሐይ ይመታል። የኑግ ዘይትም ይደርቃል፤ ነገር ግን ዘገምተኛ ስለሆነ በዚህ ብርድ ለሳምንታት ይጣበቃል፣ አቧራም ይሰበስባል። የመጀመሪያው ቅብ በአኳራጅ ይቀጥናል፤ ዘይቱ ወደ ላይ እየበዛ ይሄዳል። በተገላቢጦሽ ከሆነ ላይኛው አስቀድሞ ይደርቅና ሥሩ ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል።

ዓይኑ አንዱ በጥላ ውስጥ ገባ። ግምታችን የተፈተነው እዚህ ነው፤ አንድ ዓይን ብቻ እያበራ፣ የቀኙ ክንፍ ግማሹ በጨለማ ጠፍቶ ሥዕሉ አሁንም መልአክ ነው። በዚህ ሰሌዳ ላይ የዓይኑን ሥራ የተረከበው ብርሃኑ ነው።

የካቲት። ስድስተኛው፦ የዘይት ግልባጭ በወረቀት

ሠዓሊው ፓውል ክሌ አንጌሉስ ኖቩስ (አዲስ መልአክ) የተባለውን ሥራ (1920 እ.ኤ.አ.፣ ዛሬ በኢየሩሳሌም የእስራኤል ሙዚየም) የሠራው በራሱ የግልባጭ ዘዴና በውሃ ቀለም ነው። ሥዕሉ 32 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለው ትንሽ ወረቀት ነው።

አሠራሩ፦ ጥቁር የዘይት ቀለም በጋዜጣ ላይ ለጥቂት ሰዓት ተዘርግቶ ትርፍ ዘይቱ ይመጠጣል። በስስ ወረቀት ላይ በሮለር ሳስቶ ይቀባል፣ ያድራል። በጣት ቀስ ብሎ ሲነካ የማያቀልም፣ ሲጫኑት ግን የሚያቀልም ሲሆን ደርሷል። ጥቁሩ ወደ ታች ሆኖ በንጹሕ ወረቀት ላይ ይጣላል፣ ንድፉ በላዩ ይደረጋል፣ መስመሩ በደነዘ መርፌ ይሄዳል። የመዳፍ ክብደት ያረፈበት ሁሉ ጥቁር ጭጋግ ይተዋል፤ ይህ ጭጋግ የዘዴው ድምፅ ስለሆነ መሸሽ አያስፈልግም፤ ፊቱ ላይ እንዳይበዛ ግን እጁ በጣውላ ድልድይ ላይ ይረፍ። መስመሩ ሲደርቅ የውሃ ቀለም ይፈሳል፤ ዘይቱ ውሃ ስለሚገፋ መስመሩ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። ቀለሙ ገና እርጥብ በሆነ ጥቁር ላይ ከፈሰሰ ሁሉም አመድ ይሆናል።

ውጤቱ ያልጠበቅነው ነው። መስመሩ እንደ መጀመሪያው ሰሌዳ ጥላ የለሽ ነው፤ ሆኖም የሚንቀጠቀጥ ስለሆነ መልአኩ ሰይፍ ይዞም ይፈራል።

መጋቢት። ሰባተኛው፦ ብራና

በልግ ሲያጉረመርም ብራና ይሠራል ማለት ከእርጥበት ጋር መታገል ነው። ከብራና ፋቂ የተገዛው የፍየል ቆዳ በክፈፍ ተወጥሮ ቢመጣም አየሩ ሲረጥብ ይላላል፣ ሲደርቅ ይወጠራል። ስለዚህ ከክፈፉ ሳይወርድ ይሣልበታል። ቅባት ያለበት ቦታ ቀለም ስለሚያንከባልል አስቀድሞ በጀሶ ዱቄት ታሽቶ ይራገፋል።

ቀለሙ ጥቁርና ቀይ ብቻ ነው። ጥቁሩ 10 ግራም ጥላሸት፣ 15 ግራም የግራር ሙጫ፣ 60 ሚሊ ሊትር ውሃ። ሙጫው ካነሰ መስመሩ በእጅ ይነሣል፤ ከበዛ ብራናው ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። መጻፊያው የመቃ ብዕር ነው፤ ጫፉ በአግድም ተቆርጦ መሐሉ ይሰነጠቃል።

ምንጩ የክታብ ጥቅል ነው። በጥቅሉ ላይ ሰይፍ የያዘ መልአክ ይሣላል፤ የጥቅሉ ርዝመት ብዙ ጊዜ የባለቤቱ ቁመት ነው። ዓይኑ የፊቱን ሦስተኛ እጅ ይይዛል፣ ላባውም በዓይን መልክ ይደረደራል። እኛ የወሰድነው የሥዕሉን አሠራር ብቻ ነው፤ ጸሎቱና አስማቱ የባለቤቱና የጸሐፊው ስለሆነ ቦታው ባዶ ቀርቷል። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን (1937–2003 እ.ኤ.አ.) ከዚህ ጥቅል ዓይንንና ክንፍን አውጥቶ በሌሊት ሰማይ ውስጥ በተናቸው፤ ሠዓሊው ዘሪሁን የትምጌታም ከዚሁ ምንጭ ቀድቷል። ሁለቱም ጥቅሉን አልገለበጡም፤ ተመልካችን የሚመልስ ዓይን የሚለውን ሐሳቡን ነው የወሰዱት።

መጋቢት መጨረሻ። ስምንተኛው ሰሌዳ፦ የመስታወት ሕግ

ከደብረ ብርሃን ብዙም የማይርቀው አንኮበር የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ (1932–2012 እ.ኤ.አ.) የትውልድ ቦታ ነው። በአዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር የባለ ቀለም መስታወት ሥራቸው በ1961 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ። ሥራቸውን ለመቅዳት አልሞከርንም፤ የመስታወትን ሕግ ግን ወደ ሰሌዳ አመጣነው። ሕጉ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ቀለም በእርሳስ ዘንግ ስለሚያዝ በመሐሉ ቀጭን ምላስ ወይም ጠባብ ጥግ ያለው ቁራጭ አይቻልም፤ ይሰበራል። ስለዚህ ክንፉ ወደ ትልልቅ ባለ ማዕዘን ስብርባሪዎች ተከፈለ፣ ጥቁሩ መስመር 5 ሚሊ ሜትር ሆነ። አክሪሊክ ተጠቅመናል፤ ቶሎ ስለሚደርቅና ጠርዙ ስለት ስለሚሆን። ነጩ ጀሶ ከሥር እንዲያበራ ቀለሙ ሦስት ጊዜ ስስ ሆኖ ይደራረባል፤ ነጭ የተቀላቀለበት ቀለም ግን ብርሃኑን ይዘጋል።

የክንፉ መጋጠሚያ እዚህ ጨርሶ ችግር አይደለም። ገላም ክንፍም አንድ ዓይነት ቁራጭ ናቸው፤ ሁሉም በአንድ ብርሃን የተያያዘ ነው።

ሚያዝያ። ስምንቱ በአንድ ግድግዳ

ስምንቱ በ4 ሜትር ርቀት ታዩ። በዚህ ርቀት የሚጸኑት ሁለተኛው፣ ሰባተኛውና ስምንተኛው ናቸው፤ አራተኛው ከግማሽ ሜትር ሲታይ ከሁሉ ያማረው ሆኖ ሳለ ከሩቅ ጭረቱ ይጠፋል። በጣራና በመቅደስ በር ላይ የሚሣል ነገር ወፍራም መስመርና ትልቅ ዓይን ለምን እንደፈለገ ከዚህ ይገባል፤ ሥዕሉ ከሕዝቡ መሐል የቆመን ሰው መድረስ አለበት።

ስለ ክንፉ የነበረው ግምት በከፊል ነው የቆመው። ብርሃን ከአንድ ወገን በገባበት አሣሣል (አራተኛውና አምስተኛው) መጋጠሚያው ጭንቅ ነው። ብርሃን በሁሉም ላይ እኩል በሆነባቸው በቀሩት ጥያቄው ራሱ አይነሣም። ስለዚህ አዲስ ሠዓሊ የመልአክ ሥዕል ሲጀምር አስቀድሞ መወሰን ያለበት ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ነው፤ ክንፉ ከዚያ በኋላ ይከተላል።

የቀሩት ሥራዎች፦ የእንቁላል ሰሌዳዎቹ ለስድስት ወር ሳይሸፈኑ ይቆማሉ፣ ከዚያ በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ቀስ ብሎ ሲታሹ የራሳቸውን ልዝብ አንጸባራቂ ያወጣሉ። የዘይቱ ሰሌዳ ከአንድ ዓመት በፊት ቫርኒሽ አይቀባም። ጨለማ ውስጥ የቆየ የተልባ ዘይት ይበልጥ ቢጫ ስለሚሆን ፊቱ ወደ ግድግዳ ተመልሶ መቀመጥ የለበትም፤ ብርሃን ባለበት፣ ቀጥተኛ ፀሐይ ግን በማያገኘው ቦታ ይሰቀላል። ብራናው ከክፈፉ ወርዶ በወረቀት መሐል ጠፍጣፋ ሆኖ ክረምቱን ያሳልፋል።